ከጓደኛ ጋር ንግድ ለመጀመር ሲታሰብ

ሐረር የቆየች የንግድ ከተማ ናት። በጀጎል ግንብ በሮች በየማለዳው ገበሬዎች ይገባሉ። ቡና፣ ጫት፣ አትክልትና የባቢሌ ኦቾሎኒ ይዘው ይመጣሉ። ወደ መኪና ግርግር ጎራ ያለ ሰው የልብስ ሰፊዎችን መኪና ድምፅ ይሰማል፤ ሰፈሩም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድምፅ ነው። ገበያውን ያየ ገበሬ «እኔስ ለምን አልነግድም?» ይላል። ገንዘቡ ሲያጥረው ደግሞ ጓደኛውን ያስባል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ሁለት ሰው ከአንድ ይበረታል። ሆኖም ሽርክና ገንዘብን ብቻ አይነካም። ካልተሳካ ገንዘቡም ወዳጅነቱም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመር በፊት ማሰብ ያሻል።

የራምቦ ሁለት ሽርክናዎች

አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ በ1873 ዓ.ም. ወደ ሐረር መጣ። በአገሩ በገጣሚነቱ የታወቀ ነው። ሐረር የመጣው ግን በአንድ የንግድ ድርጅት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ለመግዛት ነበር።

በ1878 ዓ.ም. ራምቦ ቅጥሩን ትቶ ፒየር ላባቱ ከሚባል ነጋዴ ጋር ተሻረከ። ሐሳባቸው ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ ለመሸጥ ነበር። ራምቦ ያጠራቀመውን ገንዘብ በዚህ ላይ አዋለው። ዕቃው ታጁራ ወደብ ላይ አንድ ዓመት ያህል ቆመ። በዚህ መካከል ላባቱ በካንሰር ታመመና ወደ አገሩ ተመልሶ ሞተ። ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ሲራራውን ይዞ ብቻውን በረሃውን አቋረጠ።

እንጦጦ ሲደርስ ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ንጉሡ ለጠመንጃው ካሰበው ያነሰ ዋጋ ሰጡት። ላባቱ ዕዳ ነበረበትና ይህም ከዋጋው ላይ ተቀነሰ። ሌሎች አበዳሪዎችም «ላባቱ ያልከፈለንን አንተ ክፈል» እያሉ መጡበት። የቀረውን ገንዘብ ሐረር ላይ ከአገረ ገዢው ከመኮንን እንዲቀበል ታዘዘለት። ራምቦ በዚያው ዓመት ለፈረንሳይ ቆንስል በጻፈው ደብዳቤ ኪሳራውን ዘርዝሮ አማረረ።

በ1880 ዓ.ም. ራምቦ እንደገና ሐረር ላይ ንግድ ከፈተ። አሁን የሠራው ኤደን ከተማ ከነበረው ነጋዴ ከሴዛር ቲያን ጋር ነው። ዕቃ ሲላክና ሲመጣ በደብዳቤና በሒሳብ ይተሳሰቡ ነበር። በ1883 ዓ.ም. ራምቦ ጉልበቱን ታሞ ሐረርን ሲለቅ፣ ኤደን ላይ ከቲያን ጋር ተሳስቦ ድርሻውን ተቀበለ።

ሰው ያው አንድ ሰው ነው። በመጀመሪያው ሽርክና የሸሪኩ ዕዳ በእርሱ ላይ ወደቀ። በሁለተኛው ግን የሚተሳሰቡበት ሒሳብ ስለነበር ታሞ እንኳ ድርሻውን አላጣም።

ከመስማማት በፊት ምን ይጠየቅ?

አንደኛ፣ «በእርግጥ ሸሪክ ያስፈልገኛል ወይ?» በሉ። ገበሬው ኦቾሎኒ ያመርታል፤ ጓደኛው ከተማ ውስጥ ሱቅ አለው እንበል። ገበሬው ምርቱን ለጓደኛው ቢሸጥለት ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ ሽርክናም አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ «ጓደኛዬ ዕዳ አለበት ወይ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። የራሳችሁንም ንገሩት። በ2013 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ መሠረት፣ የኅብረት ሽርክና ማኅበር አባላት ለማኅበሩ ዕዳ በግል ንብረታቸው ጭምር ይጠየቃሉ። ሸሪክ በማኅበሩ ስም የተበደረው ሌላውንም ቤት ያንኳኳል ማለት ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት ንግድ ቢሮ ሄዶ ስለ ማኅበር ዓይነቶች መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛ፣ «ቢከስርስ?» በሉ። የዘር እህልና የበሬ መግዣ ገንዘብ ለንግድ አይውልም። ንግዱ ቢወድቅ እርሻው መቆም አለበት።

አራተኛ፣ «ትርፉ እንዴት ይካፈላል?» በሉ። በምሳሌ እንየው። አንደኛው 30,000 ብር፣ ሁለተኛው 20,000 ብር አዋጡ። ኦቾሎኒ ቆልቶ ቀኑን ሙሉ የሚሸጠው ሁለተኛው ነው። በወሩ 5,000 ብር አተረፉ እንበል። በመዋጮ ብቻ ቢካፈሉ አንደኛው 3,000፣ ሁለተኛው 2,000 ብር ይደርሳቸዋል። ሁለተኛው «ድካሜ የት ገባ?» ማለቱ አይቀርም።

ከትርፉ በፊት ለሠራተኛው 2,500 ብር ደመወዝ ቢታሰብለትስ? የቀረው 2,500 ብር በመዋጮ ሲካፈል አንደኛው 1,500፣ ሁለተኛው 1,000 ብር ያገኛሉ። ሁለተኛው ከደመወዙ ጋር 3,500 ብር ይሆንለታል። በሁለቱ ስሌቶች መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ነው። ከመጀመሪያው ካልተስማሙበት ጓደኛሞቹን ያጣላል።

አምስተኛ፣ «አንዳችን ብንታመም፣ ብንሞት ወይም መተው ብንፈልግ?» በሉ። ድርሻው ለማን፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚከፈል ቀድሞ ይወሰን።

ጽሑፍ ወዳጅን አያስቀይምም

«ወዳጄን እንዴት ፈርምልኝ እለዋለሁ? ያላመንኩት ይመስለው የለም ወይ?» የሚሉ አሉ። ዕቁባችንን እንመልከት። ዕቁብተኞች ይተዋወቃሉ፤ ይዋደዳሉም። ሆኖም ዕቁብ ጸሐፊ አለው፤ ዕጣ የደረሰውም ዋስ ይጠራል። ዋስ በመጠራቱ የተቀየመ ማነው? ደንቡ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ሰላም ያመጣል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ማንበብና መጻፍ ያወቀ ሰው ውሉን ራሱ አንብቦ፣ በራሱ እጅ ስሙን ይጽፋል። ያልገባውን ቃል ሳይጠይቅ አይፈርምም። አንድ ቅጂም ቤቱ ያስቀምጣል። በየቀኑ የተሸጠውንና የወጣውን በደብተር ይመዘግባል፤ በየሳምንቱም ሁለቱ ሸሪኮች አብረው ያዩታል።

እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ከጓደኛችሁ ጋር ተቀምጣችሁ መልሱ። ከተስማማችሁ ጻፉትና ጀምሩ። ካልተስማማችሁ ንግዱን ተዉት፤ ጓደኛችሁ እንደ ጓደኛ ይቀጥላል።

የቃላት ፍቺ

ሸሪክ፦ ገንዘብ ወይም ጉልበት አዋጥቶ አብሮ የሚነግድ ሰው
ሲራራ፦ ዕቃ በእንስሳት ጭኖ በኅብረት የሚጓዝ የነጋዴ ጓዝ
መዋጮ፦ እያንዳንዱ ሰው ለጋራ ሥራ የሚያወጣው ገንዘብ

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ራምቦ ከላባቱ ጋር ከመሻረኩ በፊት ምን መጠየቅ ነበረበት?
2. አንደኛው 10,000፣ ሁለተኛው 30,000 ብር አዋጥተው 4,000 ብር ቢያተርፉ፣ በመዋጮ ሲካፈሉ ለእያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳል?
3. በአካባቢያችሁ ሽርክና ሲፈርስ ያያችሁበት ምክንያት ምንድነው? በቡድን ተወያዩበት።