ጥቂትም ቢሆን ሳይቋረጥ

በረመዷን በቀን አንድ ጁዝ ስንቀራ የነበርን ብዙዎቻችን፣ የፈተና ሰሞን ሲመጣ ሙስሐፉን ከሎከር አናወጣውም። «ፈተናው ይለፍና በደንብ እጀምራለሁ» እንላለን። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ካስተላለፉት ሐዲስ የምንማረው ግን አላህ ዘንድ ይበልጥ ተወዳጁ ሥራ፣ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነው። 604 ገጽ ያለውን የመዲና ሙስሐፍ ማታ ማታ ከዒሻእ በኋላ ሁለት ገጽ ብቻ ብንቀራ በ302 ቀን እንጨርሰዋለን።

እንቅልፍ ጥሎን አንድ ሌሊት ቢያመልጠንስ? የሌሊት ድርሻውን ሳይቀራ የተኛ ሰው በሱብሒና በዙህር ሶላት መካከል ቢቀራው፣ በሌሊት እንደቀራው ተደርጎ እንደሚጻፍለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ስለዚህ ያመለጠን አንድ ቀን የማቆሚያ ሰበብ አይሁነን፤ ጠዋት በክፍለ ጊዜ መሀል እንተካው። ዛሬ ማታ በሁለት ገጽ እንጀምር። አላህ ያጽናን፤ ኣሚን።