ጉብታውን የከፈተ ቦይ

በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂንያ ግዛት፥ ሪቫና የሚባል ወንዝ አለ። በዚህ ወንዝ አጠገብ በሰው እጅ የተከመረ ክብ የአፈር ጉብታ ነበረ። የግርጌው ስፋት 27 ክንድ ያህል ነበር። ቁመቱም ቀድሞ 8 ክንድ ያህል ነበር፤ ነገር ግን ገበሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ስላረሰው ወደ 5 ክንድ ዝቅ አለ። በዙሪያውም አፈሩ የተወሰደበት ጉድጓድ ይታይ ነበር።

ጉብታው መቃብር መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ስለ ምን እንደ ተሠራ ግን አይስማሙም ነበር። አንዳንዱ፦ በጦርነት የሞቱ ሰዎች በወደቁበት ስፍራ ተቀብረውበታል አለ። ሌላው፦ የአገሩ ጥንተ ተወላጆች የሙታናቸውን አጥንት በየጊዜው እየሰበሰቡ አንድ ላይ ያኖሩ ነበር አለ። ሦስተኛውም፦ የአንዲት ከተማ መቃብር ነው፤ የመጀመሪያው ሙት ቆሞ ተቀበረ፥ የቀሩትም እርሱን ተደግፈው ተቀበሩ አለ።

በኋላ በ1801 የአሜሪካ 3ኛ ፕሬዚዳንት የሆነው ቶማስ ጄፈርሰን በዚያ አገር ይኖር ነበር። ከሦስቱ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ሊመረምር አሰበ፤ ያገኘውንም በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ተረከ።

ጉብታውን አላፈረሰውም። አስቀድሞ በየቦታው ጥቂት ጥቂት አስቆፈረ፤ ከስንዝር ባነሰ ጥልቀት ጀምሮ እስከ ሁለት ክንድ ድረስ አጥንት ተገኘ። ነገር ግን አጥንቱ የተደባለቀ ነበር፤ አንዱ ቆሞ፥ አንዱ ተጋድሞ፥ የእግር ትንንሽ አጥንት ሳይቀር በራስ ቅል ውስጥ ገብቶ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ ከጉብታው መካከል ሁለት ክንድ ያህል ራቅ ብሎ፥ ከላይ እስከ ጥንቱ መሬት ድረስ ቀጥ ያለ ቦይ አስቆረጠ። ቦዩ ሰው በውስጡ እየሄደ ግራና ቀኙን ለማየት የሚበቃ ነበር። ብልሃቱም በዚህ ላይ ነው። ከላይ ብቻ የሚቆፍር ሰው ያገኘውን እያወጣ ተራውን ያጠፋዋል፤ በቦይ ውስጥ ቆሞ ግድግዳውን የሚመለከት ግን አፈሩ በመሶብ እንደ ተደራረበ እንጀራ በየንብብሩ ይታየዋል።

በስተግርጌ አጥንት ነበረ። በላዩ ጥቂት ድንጋዮች ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ 400 ሜትር ያህል ከሚርቅ ገደል፥ አንዳንዶቹም ከወንዙ የመጡ ነበሩ። ከዚያ ብዙ አፈር፥ ከዚያም እንደገና አጥንት፤ በአንድ ወገን 4 ንብብር፥ በሌላው ወገን 3 ንብብር ተቈጠረ። የላይኛውም አጥንት እንደ ታችኛው አልበሰበሰም፤ ስለዚህ ሙታኑ ሁሉ በአንድ ቀን እንዳልተቀበሩ ታወቀ። በአጥንቱም ላይ የጥይትም ሆነ የፍላጻ ቀዳዳ አልታየም። ከሁሉ ይልቅ ነገሩን የገለጠው ጥርስ ያላበቀለ የሕፃን መንጋጋ ነበር፤ ሕፃን ወደ ጦር ሜዳ አይወጣምና። የጦርነቱ ነገር በዚህ ወደቀ። አጥንቱም እንዲህ ተደባልቆ ስለ ተገኘ ቆመው ተቀበሩ የሚለው ቃል አልጸናም፤ አጥንት ይሰበስቡ ነበር ያለው ግን ጸና። ጄፈርሰን በውስጡ ምናልባት የ1,000 ሰው አጥንት ይኖራል ብሎ ገመተ፤ ይህ ግን ግምት ብቻ ነው። ዶማውን የያዘው ማን እንደ ሆነም አልጻፈም፤ በርስቱ ብዙ ባሪያዎች ነበሩት።

የዚያ አገር ጥንተ ተወላጆች ሞናካን ይባላሉ፤ ልጆቻቸውም ዛሬ በቨርጂንያ ይኖራሉ። በአሜሪካ በ1990 የወጣ ሕግ፥ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሙዚየሞች የጥንተ ተወላጆችን አጥንት ለዘሮቻቸው እንዲመልሱ ያዛል። በጄፈርሰን ዘመን ግን የዘመዶቹን ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

ዘመዶቹ ግን አልረሱትም ነበር። ጄፈርሰን ራሱ እንደ ጻፈው፥ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ጥቂት የአገሩ ተወላጆች በዚያ መንገድ ሲያልፉ፥ ማንንም ሳይጠይቁ በጫካው ውስጥ ቀጥ ብለው ወደ ጉብታው ሄዱ። በዚያም እንደሚያዝኑ ሰዎች ሆነው ጥቂት ቆዩ፤ ከዚያም የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ተመልሰው ጉዟቸውን ቀጠሉ።