የኀዘን ቤት አገባብ፤ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያን ስለ መጎብኘት



ከእንጅባራና ከዳንግላ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ ወጣቶቻችን የጉዞ መርሐ ግብር ሲያወጡ ካቴድራሉን፣ ብሔራዊ ሙዚየሙንና ገበያውን በቅድሚያ ይጽፋሉ። በመስቀል አደባባይ ጥግ የተሠራውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግን፣ ከነጭራሹ ካልረሱት፣ «ጊዜ ከተረፈ» በሚለው ሥር ያኖሩታል። ይህ ግን ጊዜ የተረፈው ሰው ዞር ዞር ብሎ የሚወጣበት ቤት አይደለም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የቤቱን ታሪክ በአጭሩ፣ የአገባቡን ሥርዓት ደግሞ በሰፊው እንመለከታለን፤ በተለይም በዚያ የሚመራን አስጎብኚ ማን እንደ ሆነና እርሱን እንዴት መስማት እንደሚገባን።

ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በዚሁ አደባባይ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር በአብዮት አደባባይ፣ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን በሕዝብ ፊት ሰበሩ። ከዚያ በኋላ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየቀበሌውና በየከፍተኛው የተያዙ ብዙ ሰዎች፣ አብዛኞቹም ተማሪዎችና ወጣቶች፣ ያለ ፍርድ ተገደሉ። የብዙዎቹ ሬሳ ደረታቸው ላይ ጽሑፍ ተለጥፎ በመንገድ ዳር ተጥሎ ታየ። የሟቾች ቁጥር ግምት ከአሥር ሺዎች እስከ ግማሽ ሚሊዮን ድረስ ይራራቃል። ከቁጥሩ ይልቅ ለርእሳችን የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያለቅሱ መከልከላቸው ነው። ድንኳን መትከልና ጥቁር መልበስ የፀረ አብዮተኛ ምልክት ሆኖ ይቆጠር ነበር። ሬሳውን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ የተጠየቁ ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ ሬሳ ጭራሽ ያላገኙም ብዙዎች ናቸው።

እንግዲህ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ቤት ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተተከለ የለቅሶ ድንኳን ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በበሩ አጠገብ የቆመው ሐውልትም የሚያለቅሱ ሴቶችን እንጂ ጠመንጃ ያነገበ ጀግናን አያሳይም። የአዊ ወጣት መታሰቢያ ሲባል አስቀድሞ የሚያስበው ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚከበረውን፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተውን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው፤ እርሱ የድል መታሰቢያ ነውና ጌጥና ደስታ ይገባዋል። ይህኛው ግን የኀዘን ነው፤ አገባቡም የተለየ ነው።

የለቅሶ ቤት አገባብን ደግሞ ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም። በሀገራችን ሕፃን እንኳ ከእናቱ ጎን ሆኖ ይማረዋል። ከደጃፉ ሲደርሱ ጨዋታ ይቋረጣል፤ ባርኔጣ ይወልቃል፤ ገብተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ባለ ኀዘኑ እስኪናገር ይጠብቃሉ፤ «እንዴት ሞተ?» ብሎ የሚቸኩል ሰው ባለጌ ይባላል። ሲወጡም «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላሉ። እኔ ከዚህ የሚበልጥ የሙዚየም ደንብ አላውቅም። በለቅሶ ቤት ስልኩን አውጥቶ ከሬሳው ሳጥን ጋር ፎቶግራፍ የሚነሣ እንደሌለ ሁሉ፣ በዚህም አስጎብኚው ሳይፈቅድ ፎቶግራፍ አይነሣም፤ ቢፈቅድም የራስን ፊት ከአጽም ጎን ማቆም ነውር ነው። በመዋጮ ሣጥኑ ውስጥ የሚጣለውም ገንዘብ እንደ እዝን ይታሰብ። ነጠላ ማዘቅዘቅ ያስፈልግ እንደ ሆነ የሚጠይቁ እናቶች አሉ፤ ግዴታ አይደለም፤ ያደረገችውን ግን ማንም አይነቅፋትም።

«የተገደሉት በፖለቲካ አቋማቸው ከሆነ የዘር ማጥፋት ሊባል ይችላልን?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በኅዳር 1941 ዓ.ም. ያጸደቀው ስምምነት የሚጠቅሰው በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የተለዩ ሕዝቦችን ብቻ ነው። የ1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን በ281ኛው አንቀጽ የፖለቲካ ቡድንንም ጨምሮ ነበር። በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. የተጀመረው የደርግ ባለሥልጣናት ችሎትም በዚህ አንቀጽ ላይ ቆሞ፣ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዚምባብዌ የሚኖሩትን መንግሥቱን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏቸዋል። «ሰማዕት» የሚለው ቃል ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ስለ እምነቱ ደሙን ላፈሰሰ የሚሰጥ ነው፤ እዚህ በሰፊው ትርጉም ተወስዷል። ልዩነቱን ማወቅ መልካም ነው፤ በበሩ ላይ ቆሞ ስለ እርሱ መከራከር ግን ለካህንም ለምእመንም አይገባም።

አሁን ወደ አስጎብኚው እንምጣ። በዚያ ቤት ጎብኚዎችን ሲመሩ ከኖሩት መካከል ራሳቸው በዚያ ዘመን የታሰሩና የተገረፉ ሰዎች ይገኙበታል። «ወፌ ላላ» የሚባለውን፣ ሰውን ዘቅዝቆ ሰቅሎ ውስጥ እግሩን የመግረፍ ሥቃይ ሲያስረዱ ከመጽሐፍ ያነበቡትን አይደለም የሚናገሩት። ስለዚህ ጎብኚው የሚቀበለው አገልግሎት ሳይሆን ምስክርነት ነው። የቡድኑ መሪ ቀድሞ ገብቶ ከየት እንደ መጡ ይንገር፤ ወጣቶቹ «ጋሼ» እያሉ በአንቱታ ያናግሩ፤ አውቶቡሱ ስለሚቸኩል አሳጥረው እንዲነግሯቸው አይለምኑ። መሪው አስቀድሞ ለብቻቸው ቀርቦ፣ ባይጠየቁ የሚመርጡት ነገር እንዳለ ቢጠይቅ ብዙ ሳያስቡት የሚደርስ ጉዳት ይቀራል። በመሐል ቃል ቢያጥራቸው ዝምታውን በጥያቄ ለመሙላት አንጣደፍ። ጠባሳ አሳዩን ማለት ፈጽሞ አይገባም።

ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት ደርግ፣ ኢሕአፓና መኢሶን ምን እንደ ነበሩ፣ ኢሕአፓም በከተማ ውስጥ የሰው ሕይወት ያጠፋ እንደ ነበረ፣ ያም «ነጭ ሽብር» እንደ ተባለ ለወጣቶቹ በአንድ ምሽት ማስረዳት ያስፈልጋል። አስጎብኚው ከአንዱ ወገን ሆኖ መከራ የተቀበለ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩንም ከቆመበት ቦታ ይነግረናል። ይህ ነቀፋ የለበትም፤ ምስክር ዳኛ አይደለምና። የሚከራከር ቢኖር ክርክሩን ወደ ቤት ይዞት ይመለስ። ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ፤ ከወጣቶቹ መካከል አያቱ በዚያ ዘመን የአብዮት ጥበቃ የነበረ ልጅ ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን ልጅ ካህኑ አስቀድሞ ለብቻው ያነጋግረው፤ መግባትም መቅረትም የራሱ ምርጫ ይሁን። በጓደኞቹ ፊት ስለ አያቱ መልስ ስጥ ቢባል ሌላ ግፍ ይሆናል።

ከባዱ ክፍል ፎቶግራፎቹ በግድግዳው ላይ የተደረደሩበትና አጽሞች በመስታወት ውስጥ የሚታዩበት ነው። ከደርግ መውደቅ በኋላ በነበሩት ዓመታት የአርጀንቲና የአጽም ምርመራ ባለሙያዎች ጭምር እየረዱ የጅምላ መቃብሮች ተቆፍረዋል። «አጽም ለምን አይቀበርም?» ብሎ የሚጠይቅ ምእመን አይሳሳትም፤ ለሙታን ማረፊያ መስጠት ከምሕረት ሥራዎች አንዱ ነው። በእኔ አስተያየት ግን መገደሉ ለተካደ ሰው አጽሙ የመጨረሻ ምስክሩ ነውና፣ ቤተ ሰቦቹ ከፈቀዱ በክብር መታየቱን አልነቅፍም። ጎብኚው በዚያ ስፍራ ቆም ብሎ በልቡ «ነፍስ ይማር» ይበል፤ ድምፅ አውጥቶ ለመጸለይ የሚፈልግ ቡድን ግን፣ በዚያ ክፍል የሌላ እምነት ተከታዮችና እምነት የሌላቸውም ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ ወደ ውጭ ወጥቶ በሐውልቱ ሥር ቢያደርገው ይሻላል።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ስሕተታቸው የጀመረው መናገር ሲጀምሩ ነው። ነፍስ ኄር ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ሐምሌ 22 ቀን 2008 ዓ.ም. በፖላንድ የሚገኘውን የአውሽቪትስ የሞት ሠፈር ሲጎበኙ ንግግር አላደረጉም። ብቻቸውን በበሩ ገቡ፣ ተቀምጠው በዝምታ ጸለዩ፣ ከሞት የተረፉትን አንድ በአንድ ሰላም አሉ። ቃል የማይቸግራቸው የቤተ ክርስቲያን አባት ያን ያህል ዝም ካሉ፣ እኛ ሰባኪዎች በመስታወቱ ፊት ስብከት ባንሰብክ ምን ይጎድልብናል?

ለክርስቲያን ጎብኚ እጅግ ቅርብ የሆነው ፈተና ደግሞ «ይቅር ብለዋቸዋል?» ብሎ አስጎብኚውን መጠየቅ ነው። ጥያቄው መንፈሳዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የጠያቂውን ልብ ለማሳረፍ የሚቀርብ ነው። ጌታ ይቅር እንድንል ያዘዘን የበደሉንን ነው እንጂ፣ ሌላው የበደሉትን ይቅር እንዲል እንድናስገድድ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የልዩ ልዩ ሃይማኖቶች መሪዎች፣ የእኛም ቤተ ክርስቲያን ባለችበት፣ ባቀረቡት ልመና የ23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እሥራት ተለውጧል። እኔ ያን ልመና ትክክል ነበር እላለሁ፤ ሰውን መግደል የሞተውን አያስነሣምና። ይሁን እንጂ ልጇን አጥታ፣ መቃብሩን ሳታገኝ፣ ያን ዜና በሬዲዮ የሰማች እናት ብታማርር፣ ምሬቷን ኃጢአት ብሎ ለመጥራት የሚቸኩል ካህን ለቅሶ ቤት ገብቶ አያውቅም።

ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲፈቅድ፣ በደብረ ማርቆስና በዓባይ በረሃ የሚያልፈው ጉዞ ከደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ያደርሰናል። ግንቦት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰቡትን መነኮሳትና ምእመናን፣ በማግሥቱም ጀምሮ፣ የፋሺስት ጦር በግራዚያኒ ትእዛዝ በጄኔራል ማሌቲ መሪነት በጥይት ፈጅቷቸዋል። ግራዚያኒ ራሱ ለሮማ ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ገልጿል፤ የኋላ ጥናቶች ቁጥሩን ከሺህ በላይ ያደርሱታል። ገዳዮቹ የመጡት ካቶሊካዊት ከምትባል ሀገር ነው። በዚያ ገዳም የሚያስረዳን አባት ይህን በግልጽ ቢነግረን «ያ የመንግሥት ሥራ ነው» ብለን አንጠብ። በሩዋንዳ የንያማታና የንታራማ አብያተ ክርስቲያናት፣ በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የተማጸኑ ሰዎች ያለቁባቸው፣ ዛሬ መታሰቢያ ሆነው የቆሙ የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ በዚያም አስጎብኚው ስለ እኛ የሚናገረውን ሰምቶ መቻል የጉብኝቱ ክፍል ነው። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ለሩዋንዳው ፕሬዚዳንት ስለ ቤተ ክርስቲያኒቱና ስለ ልጆቿ በደል የእግዚአብሔርን ይቅርታ እንደሚለምኑ ገልጸዋል።

ይህን ሁሉ ተምሮ ከአዲስ አበባ የተመለሰ ወጣት በገዛ ሀገሩ ምን ያገኛል? በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በዞናችን በጃዊ ወረዳ በርካታ የጉሙዝ ተወላጆች ተገድለዋል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ደግሞ በአጎራባቻችን በመተከል፣ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ቀበሌ፣ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል፤ ከመተከል የሸሹ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም በቻግኒ ራንች መጠለያ ተጠልለው ነበር። ለእነዚህ ግድያዎች ስም መስጠት የሕግ ነው። ምስክሮቹን ለማግኘት ግን ዓባይን መሻገር አያስፈልግም፤ በገበያ ቀን ከጎናችን የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። በቻግኒ ስለ ተጠለሉት በየቤቱ ይወራል፤ ስለ ጃዊዎቹ ሲነሣ ግን ነገሩ ወዲያው ወደ ሌላ ይዞራል። የራሱን ሙታን ብቻ የሚያውቅ ሰው የቀይ ሽብርን ቤት ቢጎበኝ ያየው ግድግዳውን ነው።

ስለዚህ ከጉዞው መልስ ሁለተኛ ስብሰባ ይደረግ። ከበኩጂ የተረፈ ሰውና ከጃዊ የተረፈ ሰው፣ ፈቃዳቸው ከሆነ፣ በተለያየ ቀን ይጋበዙ፤ በአዲስ አበባ ለአስጎብኚው የተጠበቀው ሥርዓት ሁሉ ለእነርሱም ይጠበቅ፤ ቡናም ይፈላላቸው። በቀጣዩ የሙታን መታሰቢያ ቅዳሴ የሚጠሩት የሁለቱም ወገን ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። የጉሙዝ ስሞችን አንባቢው እንዳያበላሻቸው፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ቀደም ብሎ ቢያስጠናው ጥሩ ነው።