ከጠጅ ቤት ሰፈፍ እስከ ቆዳ ቅባት፤ የጣና ዳር ጥሬ ዕቃ የት ድረስ ያዋጣል?

በባሕር ዳርና በጢስ ዓባይ አካባቢ ለገላ የሚቀባ ነገር ከጓዳ ጠፍቶ አያውቅም። ቅቤ ለፀጉርና ለተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ ማር ለቁስል፣ ሎሚ ለፊት ሲባል ኖሯል። አዲሱ ነገር እነዚሁ ዕቃዎች በትንንሽ ዕቃ ታሽገው፣ «የተፈጥሮ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ከውጭ ከሚገባው ክሬም ጎን መደርደራቸው ነው። ገንዘቡን በዚህ ሥራ ላይ ለማዋል የሚያስብ ነጋዴ የትኛው ጥሬ ዕቃ ለቆዳ በእርግጥ ይጠቅማል፣ የትኛውስ ሳይበላሽ መደርደሪያ ላይ ይቆያል የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ለይቶ ማየት ይኖርበታል። የመጀመሪያውን የሚያሟላ ሁሉ ሁለተኛውን አያሟላምና።

ገበያውን ከቀሰቀሱት ምክንያቶች አንዱ የውጭ ምንዛሪ ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት ሽቶና መዋቢያን ጨምሮ ለ38 ዓይነት ሸቀጦች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ አገደ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ዕገዳውም ተነሳ፤ ይሁን እንጂ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። ዕቃው ቢፈቀድም ዋጋው ወደ ቀድሞው አልተመለሰም ማለት ነው። በአገር ውስጥ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ቅባት የመወዳደሪያ ቦታ ያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ከጥሬ ዕቃዎቹ ሁሉ ለነጋዴ የሚመቸው ሰም ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ፣ በሰም ደግሞ ከዓለም ከፍተኛ አምራቾች አንዷ ስትሆን ጎጃም በሁለቱም ስሙ የታወቀ ነው። ሰም ለጎጃም አዲስ ሸቀጥ አይደለም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባሶ ገበያ ከዝባድና ከዝሆን ጥርስ ጋር ሰምን ወደ ምጽዋ መንገድ ይልክ ነበር። የዛሬው ሰም ግን በብዛት የሚሰበሰበው ከንብ አርቢው ሳይሆን ከጠጅ ጣዩ ነው። ማሩ ከነእንጀራው በውሃ ሲበጠበጥ ሰሙ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ይህ ተጨልፎ የሚወጣው ሰፈፍ ይባላል። ለጠጅ ቤቱ ተረፈ ምርት ነው። ሰብሳቢው በኪሎ ይገዛዋል፣ አቅልጦ ያጣራዋል፣ ከዚያ ወይ ለጧፍ ሠሪ ወይ ለላኪ ያስረክባል። የቅባት ሥራ የሚጀምር ሰው የሚሻማው ከእነዚህ ሁለት ገዢዎች ጋር መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

ሰም ለቆዳ የሚሰጠው ጥቅም ቀላልና የታወቀ ነው። በቆዳው ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ከውስጥ የሚወጣውን እርጥበት ያዘገያል፤ የተሰነጠቀ ከንፈርና ተረከዝ የሚድነውም ቆዳው ራሱን እስኪጠግን እርጥበቱ ስለሚቆይለት ነው። በዚህ ሥራ ቫዝሊን ከሰም የተሻለ ነው። በየገበያው «ቫዝሊን ቆዳ ያበላሻል» እያሉ የሰም ቅባት የሚሸጡ አሉ፤ አባባሉ ማስረጃ የለውም፣ ለሻጩም አይበጀውም። የሰም ቅባት የሚሸጠው በሽታው፣ በአያያዙና ሳያጣብቅ በመቀመጡ እንጂ ተፎካካሪን በማጥላላት መሆን የለበትም።

የሰም ንግድ ችግሩ ማጭበርበር ነው። የፋብሪካ ሻማ የሚሠራበት ፓራፊን ወይም የከብት ሞራ ቀልጦ ይቀላቀልበታል። ለጧፍ ሠሪው ጉዳቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ለቅባት ሠሪው ግን ሞራ የገባበት ሰም በወራት ውስጥ ይሸታል፣ ደንበኛም ያርቃል። ገዢው ላብራቶሪ ሳይሄድ የሚፈትንበት ዘዴ አለ። በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ንጹሕነቱ የተረጋገጠ ትንሽ የሰም ቁራጭ ይጣላል፤ ይንሳፈፋል። ቁራጩ ውሃው መካከል ላይ እስኪንጠለጠል ድረስ ስፕሪት በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። (ጠንካራ አረቄም ይሠራል፣ ለሌላ ጉዳይ ካልዋለ።) ከዚያ የሚጠረጠረው ቁራጭ ወደዚያው ብርጭቆ ይገባል። ሽቅብ ከወጣ ከሰም የቀለለ ነገር ተጨምሮበታል፤ የንጹሕ ሰም እፍጋት ከውሃ ጋር ሲነጻጸር ከ0.95 እስከ 0.97 ሲሆን ፓራፊንና ሞራ ከዚያ ያነሱ ናቸው። ከበድ ያለና ቀለል ያለ ነገር አቀላቅሎ ያመጣ ብልጥ በዚህ ላይያዝ ይችላል። በኩንታል የሚገዛ ሰው የአሲድ መጠኑን በላብራቶሪ ቢያስለካ ይሻለዋል፤ ለንጹሕ ሰም ልኩ ከ17 እስከ 24 ነው፣ ፓራፊን ግን ምንም የለውም።

ማጣራቱም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል፤ ከ85 ካለፈ ይጠቁራል፣ መዓዛውንም ያጣል። ስለዚህ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም፤ ውሃ በያዘ ድስት ውስጥ ሌላ ዕቃ ተቀምጦ ይቀልጣል። የብረትና የመዳብ ዕቃ ቀለሙን ስለሚያበላሽ የማይዝግ ብረት ይመረጣል። በጨርቅ ተጠልሎ ቀስ ብሎ ሲበርድ ቆሻሻው ከታች ይቀራል፣ ያ ተፍቆ ይጣላል። በጥድፊያ የቀዘቀዘ ሰም ቆሻሻውን ውስጡ ይዞ ይረጋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ዘይት ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚከስረውም እዚህ ላይ ይመስላል። ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ መንገድ ዳር በመስከረምና በጥቅምት ቢጫ ለብሶ የሚታየው ኑግ ለንቡ አበባ፣ ለሰው ዘይት ነው። ዘይቱ ሊኖሌይክ አሲድ በሚባል ቅባት የበለጸገ ሲሆን መጠኑ ብዙ ጊዜ 70 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ቆዳ እርጥበት መያዣ ድንበሩን የሚሠራው ከዚህ ዓይነት ቅባት በመሆኑ ኑግ ለደረቅ ገላ ተስማሚ ነው። ይኸው በጎነቱ ግን ጉድለቱም ነው፤ እንዲህ ያለ ዘይት ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲገናኝ ቶሎ ይበላሻል። በመስኮት አጠገብ በነጭ ጠርሙስ የተደረደረ የኑግ ቅባት ሳይሸጥ ሊሸት ይችላል። ከመተማና ከሁመራ የሚመጣው ሰሊጥ በአንጻሩ ራሱን ከመበላሸት የሚጠብቅ ንጥረ ነገር በውስጡ ስላለው ዘይቱ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ጥሬ ዕቃው ከኑግ ቢወደድ እንኳ ተመላሽ ዕቃን ስለሚቀንስ ሒሳቡ ወደ ሰሊጥ ያደላል። ሰሊጥ የማይስማማቸው ሰዎች ስላሉ ግን ስሙ በጽሑፉ ላይ በግልጽ መውጣት አለበት።

ሒሳቡን በመጠን እንየው። 1 ኪሎ የተጣራ ሰም ከ4 ኪሎ ዘይት ጋር ቢቀላቀል 5 ኪሎ ቅባት ይወጣል። ከድስትና ከማንኪያ ላይ የሚቀረው 5 በመቶ ቢቀነስ 4.75 ኪሎ ይተርፋል፤ ይህም ባለ 30 ግራም 158 ዕቃ ይሞላል። የዕለቱን የሰምና የዘይት ዋጋ በ158 ያካፈለ ሰው በአንድ ዕቃ የሚደርሰው የጥሬ ዕቃ ወጪ ትንሽ መሆኑን ያያል። ወጪው ያለው በማሸጊያው፣ በጽሑፉና በሱቁ ድርሻ ላይ ነው። ለመተማና ለመሰል ሞቃት ገበያዎች የሚላከው ቅባት ሰሙ ወደ 25 በመቶ ከፍ ካላለ መንገድ ላይ ይፈሳል።

ይህ ቅባት ውሃ የለበትም፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ውሃ በሌለበት ባክቴሪያና ሻጋታ አይራቡምና ማቆያ ኬሚካል ሳይጨመርበት ይቆያል። ማርና ውሃ አደባልቆ «የፊት ክሬም» ብሎ የሚያሽግ ሰው ግን ሌላ ነገር እየሠራ ነው። ማር ለብቻው ውሃው ከ20 በመቶ በታች በመሆኑ፣ አሲድነት ስላለውና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ስለሚያመነጭ ጀርም አያኖርም፤ ለቁስል ሲውል የኖረውም በከንቱ አይደለም። ውሃ ሲገባበት ግን ምን እንደሚሆን የጎጃም ሰው ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጠጅ ይሆናል። ታሽጎ የሚሸጥ ከሆነ ክዳኑን ገፍቶ ይወጣል። የፎገራ ላም ቅቤም ቢሆን ውሃና የወተት ቅሪት ስላለበት ሳይነጠር ታሽጎ አይቆይም።

በሎሚ ጉዳይ ግን ለንግድ ሲባል ማለባበስ አይገባም። የዘጌ ሎሚ ለምግብና ለመጠጥ የተመሰገነ ነው። ፊት ላይ ተቀብቶ ፀሐይ ሲያገኘው ግን በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ቆዳን ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል፣ ሲድን ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ፊት ለማጥራት የተቀባ ሰው ጠቁሮ ይመለሳል። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለች፣ ፀሐይዋ በበረታ ከተማ የሎሚ ጭማቂ ያለበት የፊት ቅባት መሸጥ ካሳ የሚያስጠይቅ ሥራ ነው።

መዋቢያን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲሆን ሕጉም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። «ቆዳን ያለሰልሳል» የሚል ጽሑፍ የመዋቢያ ነው፤ «ችፌን ይፈውሳል» ያለ ግን መድኃኒት ሸጫለሁ ብሎ በገዛ እጁ ፈርሟል። ጢስ ዓባይን ሊጎበኝ በሚመጣ እንግዳ ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕቅድም አያስተማምንም፤ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የጎብኚ ገበያ በአንድ ሳምንት ሊቆም እንደሚችል ታይቷል። የአዲስ አበባ ሱቆችና ፀጉር ቤቶች የተሻለ ደንበኛ ናቸው።

ለገዢ የሚሆነው ወቅትም ይታወቃል። የጎጃም ዋናው የማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው፤ አነስተኛው ግንቦትና ሰኔ ላይ ይደርሳል። ጠጅ ለገና፣ ለጥምቀትና ለጥር ሰርግ በብዛት ስለሚጣል ሰፈፉም ወደ ገበያ የሚበዛው በእነዚያው ሳምንታት ነው። ሰም በደረቅ ቦታ ለዓመታት ስለሚቀመጥ የዓመቱን ፍጆታ በአንድ ጊዜ መግዛት ይቻላል፤ ዘይቱ ግን ለእያንዳንዱ ዙር ትኩሱ ይጨመቃል።