ብስክሌት ነጂ በጨለማ ከጎኑ እንዲታይ ስለ ማድረግ

ብስክሌት ምድሩ ሜዳ በሆነባቸው ከተሞቻችን፣ ይልቁንም በባሕር ዳርና በሐዋሳ፣ የብዙ ሠራተኛና የብዙ ተማሪ መጓጓዣ ነው። ነዳጅ አይጠይቅም፤ ጢስ የለውም፤ ለነጂውም ልብና ሳንባ ብርታት ይሰጣል። ስለዚህ የጤና ሠራተኛ ሕዝቡ በብስክሌት እንዲሄድ ይመክራል። ነገር ግን ይህን የሚመክር ሁሉ ነጂው አምሽቶ በደኅና ወደ ቤቱ ስለሚገባበትም ነገር ማሰብ ይገባዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ብቻ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ይህን ጉዳት «የዕለት ነገር» ብሎ መተው ልማድ ሆኗል እንጂ፣ እንደ ወባና እንደ ተቅማጥ ሁሉ መንሥኤው የሚመረመርና መከላከያም የሚበጅለት ነው።

ባገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይደርሳል። በሰሜን አውሮፓ በበጋ ወራት ብርሃኑ ቀስ በቀስ ሲደክም ብዙ ሰዓት ይቆያል፤ በባሕር ዳር ግን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ግድም ባለው ጊዜ ትጠልቅና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይን ይይዛል። ከሥራ ወጥቶ ገበያ ጎራ ያለ ሰው፣ የማታ ትምህርት የሚማር ልጅም፣ መንገዱን የሚጨርሰው በጨለማ ነው።

ጥንቁቅ የሆነ ነጂ ከብስክሌቱ ፊት ነጭ፣ ከኋላው ቀይ መብራት ያደርጋል። በ1968 (እ.ኤ.አ.) በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም ለብስክሌት የጠየቀው መብራት ለፊትና ለኋላ የሚሆነውን ነው። ይህ ከኋላ ለሚደርስበትና ከፊት ለሚገጥመው መኪና በቂ ሊሆን ይችላል። መንገድ በሚያቋርጥበት ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፊቱ መብራት ወደሚሄድበት ይመለከታል፤ የኋላውም ወደመጣበት፤ በግራና በቀኝ ለሚመጣ ሾፌር ሁለቱም ጥቂት ብርሃን ቢሰጡ ነው። ብስክሌቱም ከጎን ሲያዩት ቀጫጭን ብረትና ሽቦ ስለ ሆነ፣ በመካከሉ ከወዲያ ያለው ጨለማ አልፎ ይታያል። በዲናሞ የሚበራ መብራት ያለው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፤ ብርሃን የሚያጠራቅም ካልሆነ በቀር ጎማው ሲቆም እርሱም ይጠፋል። ስለዚህ ነጂው በመስቀለኛ መንገድ ላይ ቆሞ ተራውን በሚጠብቅበት ሰዓት ፈጽሞ ጨለማ ይሆናል።

ለዚህ ችግር ዋናው መድኃኒት አንጸባራቂ ነው። በሌሊት በገጠር መንገድ በመኪና የሄደ ሰው የጅብ ዓይን ከሩቅ ሲያበራ አይቶ ይሆናል። ጅቡ ከራሱ የሚያወጣው ብርሃን የለም፤ በዓይኑ ውስጥ፣ ከብርሃን ተቀባዩ ክፍል በስተኋላ፣ የገባውን ብርሃን መልሶ የሚልክ ንጣፍ አለው። በእንግሊዝ አገር ፐርሲ ሾው የተባለው ሰው በ1934 (እ.ኤ.አ.) በመንገድ መካከል ተቀብሮ የሾፌሩን መብራት የሚመልስ ብርጭቆ ፈልስፎ «የድመት ዓይን» ብሎ ሰይሞታል። የብስክሌት አንጸባራቂም በጥቃቅን የብርጭቆ እንክብሎች ወይም በጥቃቅን ባለ ሦስት ገጽ ማዕዘኖች ይሠራል፤ ጠባዩም ብርሃንን ወደ መጣበት መመለስ ነው። መስተዋት እንዲህ አያደርግም። መስተዋት ብርሃኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚወረውር፣ አንዳንድ ወጣቶች ለጌጥ የሚሰቅሉት የመስተዋት ስባሪም ሆነ የሙዚቃ ሸክላ የሚመስለው ብልጭልጭ ዲስክ፣ በአጋጣሚ ካልሆነ በቀር ለሾፌሩ ምንም አይነግረውም።

አንጸባራቂው የሚቀመጥበት ቦታ ከብዛቱ ይበልጣል። መኪና በከተማ ውስጥ የሚያበራው አጭር መብራት ወደ ታች ያዘነበለ ስለ ሆነ፣ ከደረት ይልቅ ጎማና ቁርጭምጭሚት ቀድሞ ብርሃን ያገኛል። ከዚህም በላይ ጎማና እግር ይንቀሳቀሳሉ። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ጉናር ዮሐንሰን የተባለ የስዊድን ሊቅ በሰው መገጣጠሚያዎች ላይ ብቻ ጥቃቅን መብራት አድርጎ በጨለማ አሳየ፤ ሰውየው ዝም ብሎ ሳለ የሚታየው ነጠብጣብ ብቻ ነበር፤ በተራመደ ጊዜ ግን ተመልካቾቹ ወዲያውኑ ሰው መሆኑን ዐወቁ። ለሾፌር የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። አንድ ነገር ማየት ብቻ አይበቃውም፤ ያየው ነገር የመንገድ ምልክት ወይም የአጥር ቆርቆሮ አለመሆኑን፣ ሰው መሆኑን ፈጥኖ ማወቅ አለበት።

በአውስትራሊያ በተዘጋ መንገድ በሌሊት የተደረገና በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ይህን በቍጥር አስረድቷል። ሾፌሮቹ ጥቁር ልብስ የለበሰውን ብስክሌት ነጂ ለይተው ያወቁት ከ100 ጊዜ 2 ጊዜ ብቻ ነው፤ በቀን ደምቆ የሚታየውን ልዩ ቢጫ ሰደርያ የለበሰውን 15 ጊዜ፤ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰውን 50 ጊዜ፤ በዚያ ላይ በቁርጭምጭሚቱና በጉልበቱ አንጸባራቂ ያሰረውን ግን 90 ጊዜ። ቢጫው ሰደርያ ይህን ያህል ማነሱ አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ያ ቀለም የሚደምቀው በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን የማይታይ ጨረር ተቀብሎ ነው፤ የመኪና መብራት ይህ ጨረር እጅግ ያንሰዋል። ስለዚህ ሰደርያ የሚገዛ ሰው ከቀለሙ ይልቅ ብርማ አንጸባራቂ መስመር መኖሩን፣ መስመሩም በጎን በኩል የዞረ መሆኑን ይመልከት።

ብስክሌት እንደ ጫማ በተለመደበት በሆላንድ አገር በሁለቱም ጎማዎች ጎን ነጭ ወይም ቢጫ አንጸባራቂ፣ በፔዳሎቹም ላይ እንዲሁ እንዲኖር ሕግ ያዛል። በጎማው ዙሪያ እንደ ቀለበት የተሠራው ከሁሉ ይሻላል፤ ሾፌሩ ሁለት ክብ የብርሃን ቀለበት ጎን ለጎን ሲያይ ብስክሌት መሆኑን ለመጠራጠር ጊዜ አያጠፋም።

ይሁን እንጂ አንጸባራቂ የሌላ ሰው መብራት ካላገኘው ድንጋይ ነው። ይህን በሒሳብ እንመልከት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅበት 21 ሜትር አለፈ ማለት ነው፤ በደረቅ አስፋልት እስኪቆምም 14 ሜትር ያህል ይጨመራል። ስለዚህ ከ35 ሜትር ርቀት ላይ ማየት አለበት። መኪናው ያን መንገድ ሳይቆም ቢጨርስ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይበቃዋል፤ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌትም በዚያው ጊዜ 10 ሜትር ይጓዛል። እንግዲህ ሾፌሩ ብስክሌቱን ማየት በሚገባው ሰዓት ነጂው ገና ከመንገዱ 10 ሜትር ወጣ ብሎ በቅያሱ ውስጥ ነው፤ የመኪናው መብራት በዚያ ማዕዘን ደካማ ነው፤ አጥር ወይም የቆመ ባጃጅ ከጋረደውም ከነጭራሹ አይደርስም። ከወዲያ ማዶ ረጅም መብራት ያበራ መኪና ሲመጣ ደግሞ የሾፌሩ ዓይን ይጭበረበራል።

አንጸባራቂ እንግዲህ የሚጠቅመው በዝግታ ለሚያቋርጥ፣ ለሚታጠፍ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ለሚሻገር ነው። ከቅያስ ወደ አውራ ጎዳና በፍጥነት ብቅ ለሚል ሰው ግን የትኛውም አንጸባራቂ ጊዜ አይገዛለትም፤ ፍሬን ይዞ መቆም አለበት። አቅም ያለው ሰው ለጎኑም የራሱ ብርሃን ቢኖረው መልካም ነው። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ መብራት በውጭ በኩል በእግር ላይ ብትታሰር ከነጂው እግር ጋር ከፍ ዝቅ እያለች፣ የሌላውን መብራት ሳትጠብቅ ለጎን ትታያለች። ለመንገዱ ብርሃን እንድትሰጥ አይጠበቅባትም፤ መታየቷ ይበቃል።

ልብስን በሚመለከት፣ የአገራችን ሰው በነጭ ልብሱ የታደለ ነው። ነጭ ነጠላና ጋቢ እንደ አንጸባራቂ ባይሆንም ከጥቁር ካፖርት ይልቅ እጅግ ቀድሞ ይታያል። ነገር ግን ጫፉ የተለቀቀ ነጠላ በቸርኬው ሽቦ ወይም በካቴናው ተይዞ ነጂውን ሊጥለው ስለሚችል በደንብ ታጥቆ መንዳት ይገባል።

አንጸባራቂ የሌለው ብስክሌት በጥቂት ገንዘብ ሊበጅ ይችላል። በከባድ መኪና ጎን ላይ የሚለጠፈው አንጸባራቂ ፕላስተር በመኪና ዕቃ መሸጫ ይገኛል። ቀዩ የኋላ ምልክት ስለ ሆነ ለጎን ነጩን ወይም ቢጫውን መምረጥ ነው። የጣት ርዝመት ያህል እየቆረጡ በቸርኬው ሽቦ ላይ አጥፎ ሙጫውን ከሙጫው ጋር ማጣበቅ፤ በያንዳንዱ ጎማ አራት ቦታ፣ እኩል ተራርቆ። በፔዳሉ ክንድ በውጭ በኩልና በፊቱ ጎማ ሹካ በሁለቱም ጎን ደግሞ አንዳንድ ይለጠፋል። የፍሬኑ ጎማ በሚነካው የቸርኬ ክፍል ላይ ግን ምንም ነገር አይለጠፍም፤ ፍሬኑ ይንሸራተታልና።

ሥራው መልካም መሆኑን ለማወቅ አንድ ሰው በምሽት ብስክሌቱን በጎኑ እያሳየ ቀስ ብሎ ይግፋ፤ ሌላው 40 ርምጃ ርቆ የእጅ ባትሪ ያብራ። ባትሪውን ከወገቡ አጠገብ ሳይሆን ከዓይኑ አጠገብ ይያዝ፤ ብርሃኑ የሚመለሰው ወደ መጣበት ስለ ሆነ ባትሪውን ዝቅ አድርጎ የያዘ ሰው አይሠራም ብሎ በከንቱ ይፈርዳል። በክረምት ደግሞ ጭቃ የሸፈነው አንጸባራቂ እንደሌለ ይቆጠራልና፣ ከመነሣት በፊት በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ ኮርቻው ሥር አንድ ቁራጭ ጨርቅ አስሮ መያዝ ለዚህ ይጠቅማል።