ከእናት ጋር ወደ ልባሽ ገበያ ስለ መውረድ

አንባቢ ሆይ፥ በቅዳሜ ጧት እናትህ ዘንቢልዋን አንሥታ «ና ልጄ፥ ወደ መርካቶ እንውረድ፤ ክረምቱ ሳይገባ ኮት እንፈልግልህ» ባለችህ ጊዜ በልብህ የሚነሣው አሳብ ምንድር ነው? አዲስ ኮት እንደማትገዛልህ ታውቃለህ። የምትወስድህ ሌላ ሰው ለብሶ ወደ ተወው ልብስ ነው። የዚያ ቀን መንገድ ትንሽ ነገር ቢመስልም የሰውን ልብ ይመዝናልና ስለ እርሱ ጥቂት ልነግርህ እወዳለሁ።

የአዲስ አበባ ታላቁ ገበያ ቀድሞ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይቆም ነበር። ጣሊያኖች አገራችንን በወረሩበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፥ የአገሬውን ሰው ገበያ ለይተው ወደ ምዕራብ ስላዛወሩት ስሙ ከቋንቋቸው መርካቶ ተባለ። በዚህ ገበያ በከንቱ የሚጣል ነገር የለም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሰበሰበው ጠርሙስና ብረት ወደዚያ ይወርዳል፤ በምናለሽ ተራ የአሮጌ በርሜል ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ ያለቀ የመኪና ጎማም ተቈርጦ በረባሶ ይሆናል። ልዋጭ የሚሉትም ነጋዴዎች በየደጁ ያረጀ ልብስ ተቀብለው በምትኩ ሳሕንና ብርጭቆ ይሰጣሉ፤ ልብሱንም መልሰው ይሸጡታል። እንግዲህ አንዱ የተወውን ሌላው አድሶ ሲጠቀምበት ይህ የእጅ ሥራና ብልኀት ነው እንጂ ምን ነውር አለበት?

አሁንም እናትህን ተመልከት። ኮቱን አንሥታ ወደ ብርሃን ትዘረጋዋለች፤ ብል የበላው እንደ ሆነ ቀዳዳው ይታያልና። ክርኑን፥ ብብቱንና የአንገትጌውን እጥፋት ትዳስሳለች፤ ልብስ አስቀድሞ የሚያልቀው በነዚህ ነው። ቀጥላም ገልብጣ ስፌቱን ትመረምራለች። የልብስ ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው በስፌት ውስጥ ነው፤ ተስቦንና ግርሻንም ከሰው ወደ ሰው ያስተላልፋል። ስለዚህ ከቤት በደረሰች ጊዜ የሚታጠበውን በጣም በሞቀ ውኃ ታጥባለች፤ የማይታጠበውንም በጋለ ካውያ ስፌቱን ተከትላ ትተኵሳለች። ይህን ሁሉ በትምህርት ቤት አልተማረችውም፤ አንተን በማሳደግ ተማረችው።

ከዚህ በኋላ የዋጋ ክርክር ይመጣል። ብዙ ገዢ የሻጩን ዕቃ እያጣጣለ ዋጋውን ያወርዳል፤ ከገዛ በኋላ ግን በጎረቤቱ ፊት በትርፉ ይመካል። ጠቢቡ ሰሎሞን ይህን ልማድ በምሳሌ መጽሐፍ በምዕራፍ 20 በቁጥር 14 ገልጦታል፤ ገበያም ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ ብዙ አልተለወጠም። እናትህ ግን ሻጩን እንዲህ ትለዋለች፤ «የኔ ልጅ፥ ኮትህ መልካም ነው፤ አላጣጥልብህም። ክርኑ ግን ሳስቷል፤ የያዝሁትም ገንዘብ ይህ ብቻ ነው። ከሆነልህ ስጠኝ፤ ካልሆነም ገበያህን ያቅናልህ።» ሻጩም ጥቂት አስቦ «ይውሰዱት፥ እናቴ» ይላታል፤ ወይም እንቢ ይላታል፥ እርስዋም ሳትቈጣ ወደ ሌላው ታልፋለች። እርሱም የቤቱን እራት ከዚያች ሽያጭ የሚጠብቅ ድኻ መሆኑን ታውቃለችና። ያለ ሐሰት መከራከር እንዲቻል ከዚህ ተማር።

ዳሩ ግን ዋናው ፈተና ገና ነው። በዚያች ሰዓት የትምህርት ቤት ጓደኛህ ከወዲያ ብቅ ይላል። እግርህ ይፈጥናል፤ ከእናትህ ዐሥር እርምጃ ትቀድማለህ፤ ስትጠራህም እንዳልሰማ ትሆናለህ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አድርገህ ታውቃለህን? እኔ አድርጌ አውቃለሁ። እናቴ በዚያ ቀን አንዳች አልተናገረችኝም። ዘንቢሉን ከአንዱ እጅዋ ወደ ሌላው አዛውራ በዝግታ ተከተለችኝ፤ ማታም በኩራዝ ብርሃን የኮቱን ቍልፍ አጥብቃ ሰፋችልኝ። ሰኞ በትምህርት ቤት ያ ጓደኛዬ ቀርቦ «ቅዳሜ እናትህን ዘንቢል ተሸክመው ብቻቸውን ሲሄዱ አየኋቸው፤ ስለ ምን አላገዝሃቸውም?» ብሎ ጠየቀኝ። ኮቱን ከቶ አላስተዋለም ነበር። እኔ ኀፍረቴን ልሰውር በሸሸሁበት ነገር ኀፍረቴ ተገለጠ።

እንግዲህ ይህን ዕወቅ፤ ልባሽ ኮት ማንንም አያዋርድም፤ በእናት ማፈር ግን ያዋርዳል። ኮቱ በሁለት ክረምት ያልቃል፤ የሸሸህበት ቀን ግን ከልብህ አይጠፋም። ስለዚህ ወደ ገበያ በወረድህ ጊዜ ዘንቢሉን ከእጅዋ ተቀበል፤ ከጎንዋም ሂድ። ጓደኛህ ቢመጣ ጠርተህ «እናቴ ናት» በለው፤ እርሱም እጅ ነሥቶ ሰላምታ ይሰጣታል። ወደ ቤት ስትመለሱም የነጠላዋን ጥለት ተመልከት፤ ተበልቶ አልቆ እንደ ሆነ በዚያ ገበያ ለራስዋ አንዳች እንዳልገዛች ታስተውላለህ። ያን ጊዜ የኮትህ ዋጋ ምን ያህል እንደ ሆነ ታውቃለህ።

ለማሰብ የሚረዱ ጥያቄዎች፤

1. ዕቃን ሳያጣጥሉ ዋጋ ማስቀነስ እንዴት ይቻላል?

2. ሰው በድኽነት ከማፈር ይልቅ በምን ሊያፍር ይገባዋል?

3. ወላጆችህ ለአንተ ሲሉ ለራሳቸው ሳይገዙ የቀሩት ነገር ምንድር ነው? ጠይቀሃቸው ታውቃለህን?