ምዕራፍ 7፦ እንቅስቃሴውን ሰጥቶ ከሕመሙ መገላገል

«ቁርጭምጭሚትዎ ከእንግዲህ አይታጠፍም።» ሐኪም ይህን ሲናገር ብዙ ሰው የሚሰማው «እግርዎ አለቀለት» የሚለውን ነው። በዚህ ፍርሃት ማስታገሻ እየዋጡ፣ ከቤት መውጣት እየተዉ ዓመታት የሚገፉ አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ነገር ግን ክፉኛ የተበላሸ ቁርጭምጭሚት አብዛኛውን እንቅስቃሴውን ቀድሞ አጥቷል። የቀረችው ጥቂት እንቅስቃሴ ደግሞ የሥቃዩ ምንጭ ናት። የመገጣጠሚያውን አጥንቶች የሚያዋሕደው ቀዶ ሕክምና የሚወስደው ይህችኑ ነው።

ጉልበትና ዳሌ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ያልቃሉ። ቁርጭምጭሚት ግን በዕድሜ ብቻ እምብዛም አይበላሽም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከበስተጀርባው የቆየ ጉዳት አለ፦ የመኪና አደጋ፣ ከሞተር ሳይክል መውደቅ፣ ጠምሞ የገጠመ ስብራት፣ ወይም የተደጋገመ ወለምታ። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ካርቲሌጅ የደም ሥር ስለሌለው አንዴ ከተጎዳ እንደነበረው አይሆንም። ስለዚህ ስብራቱ ድኖ፣ ጄሶው ተፈቶ፣ ሰውየው ወደ ሥራው ከተመለሰ ከብዙ ዓመት በኋላ አጥንት ከአጥንት መፋተግ ሊጀምር ይችላል። ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሄሞፊሊያና ወደ መገጣጠሚያ የገባ ኢንፌክሽንም እዚሁ ያደርሳሉ።

ወደ ቀዶ ሕክምና የሚኬደው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያቅት ነው፦ ክብደት መቀነስ፣ ቁርጭምጭሚቱን የሚደግፍ ማሰሪያ፣ ሶሉ ጠንካራ የሆነ ጫማ፣ መድኃኒት። ከውሳኔው በፊት ሐኪምዎን ስለ አንድ ምርመራ እንዲጠይቁ አጥብቄ እመክራለሁ። የማደንዘዣ መርፌ በቀጥታ ወደ መገጣጠሚያው ውስጥ ይሰጣል፤ ከዚያ ተነሥተው ይራመዳሉ። ለጥቂት ሰዓታት ሕመሙ ከጠፋ ምንጩ ያ መገጣጠሚያ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ካልጠፋ ግን ሕመሙ ከጎረቤት መገጣጠሚያ ወይም ከጅማት የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ የማይመለስ ነገር ከማድረግ በፊት እንደገና መመርመር ያስፈልጋል።

የቀዶ ሕክምናው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ሐኪሙ መገጣጠሚያውን ሆን ብሎ እንደ ስብራት ያደርገዋል፤ ሰውነትም ስብራትን በሚጠግንበት መንገድ ይጠግነዋል። የቀረው ካርቲሌጅ ተጠርጎ ይወጣል፤ አጥንቱም ደም እስኪያወጣ ድረስ ይፋቃል፤ ደም የማያገኝ አጥንት አይገጥምምና። ከዚያም ቅልጥሙና ከሥሩ ያለው ታለስ የተባለው አጥንት ተጣብቀው በረጃጅም ብሎኖች ወይም በፕሌት ይታሰራሉ። ኦስትሪያዊው ኤድዋርድ አልበርት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ይህን ሲጀምር ዓላማው በሽባነት የሚወላገዱ እግሮችን ማጽናት ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ቻርንሊ እ.ኤ.አ. በ1951 አጥንቶቹን አጥብቆ የሚያጣብቅበትን ዘዴ ጽፎ አሳወቀ። ዛሬ ለአንዳንድ ታማሚዎች በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ እየታየ ይሠራል።

ትልቁ ጥበብ አቀማመጡ ላይ ነው። እግሩ ከቅልጥሙ ጋር 90 ዲግሪ እንዲሆን፣ ተረከዙ ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ወደ ውጭ እንዲያዘነብል፣ ጣቶቹም እንደ ሌላኛው እግር በመጠኑ ወደ ውጭ እንዲዞሩ ተደርጎ ነው የሚታሰረው። ጣቶቹ ቁልቁል እንደዘቀዘቁ ቢገጥም ሰውየው በተራመደ ቁጥር ጉልበቱ ወደ ኋላ ይገፋል።

ከዚያ የሚመጣው ትዕግሥት የሚፈትን ጊዜ ነው። በተለምዶ 6 ሳምንት ገደማ እግሩ መሬት አይረግጥም፤ ክራንች ይያዛል። አጥንቱ መግጠሙ በራጅ እየታየ ቀስ በቀስ መርገጥ ይፈቀዳል፤ እብጠቱ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። ማን ምግብ እንደሚያበስል፣ ደረጃውን እንዴት እንደሚወጡ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ይነጋገርበት። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ አስቀድመው ያቁሙ። ከ100 ታማሚዎች በግምት ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ አጥንቱ ሳይገጥም ይቀራል፤ ማጨስ ይህን አደጋ በብዙ እጥፍ ያሳድገዋል። የስኳር ሕመምተኛም ስኳሩን ማስተካከል ያለበት ከቀጠሮው በፊት ነው።

ኑሮውስ? በሜዳ ላይ ጥሩ ጫማ አድርጎ የሚሄድን ሰው ብዙዎች ቁርጭምጭሚቱ የታሰረ መሆኑን ልብ አይሉትም፤ ከፊት ያሉት የእግር መገጣጠሚያዎች ጥቂት ስለሚታጠፉ። ችግሩ የሚታወቀው ዳገት፣ ወጣ ገባ ኮብልስቶንና ባዶ እግር ላይ ነው። ተረከዝን መሬት አስረግጦ ቁጢጥ ማለት አይቻልም፤ ስለዚህ የቤትዎ ሽንት ቤት የቁጢጥ ከሆነ መቀመጫ ያሰናዱ። በሕማማት ስግደት ወይም በሶላት ሱጁድ ላይ እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ መንበርከክም ያስቸግራል፤ ወንበር ላይ ሆኖ ማድረግ እንደሚቻል ከአባቶች ወይም ከኢማሙ ጋር አስቀድሞ መነጋገር ልብን ያሳርፋል። ይህን የምለው ብዙ ታማሚ ለሐኪሙ ለመንገር የሚያፍረው ይህንኑ ስለሆነ ነው። የታሰረው ቀኝ እግር ከሆነ ነዳጅና ፍሬን መርገጥ ስለሚለወጥ መኪና ለመንዳት የሐኪም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሰው ሠራሽ ቁርጭምጭሚት መተካትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነው የእንግሊዝ አገር ጥናት በ303 ሰዎች ላይ መተካቱንና ማዋሐዱን ሲያነጻጽር፣ ከአንድ ዓመት በኋላ በሁለቱም ወገን ያሉት በጣም ተሽሏቸው ነበር፤ በመራመድና በመቆም በኩልም የጎላ ልዩነት አልታየም። ተሳታፊዎቹ ከ50 ዓመት በላይ ነበሩ። ለወጣት፣ ለከባድ ሠራተኛ ግን የሚያልቅ ዕቃ ከማስገባት ማዋሐዱን እኔ እመርጣለሁ፤ የገጠመ አጥንት እንደ ሰው ሠራሹ አያልቅምና።

የማዋሐዱ ዋጋ በኋላ ይመጣል። የቆመው መገጣጠሚያ ይሸከመው የነበረው እንቅስቃሴ ወደ ጎረቤቶቹ፣ በተለይም ከታለስ በታች ወዳለው መገጣጠሚያ ይተላለፋል፤ እሱም በዓመታት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ከብዙ ዓመት ሰላም በኋላ ከቁርጭምጭሚቱ ዝቅ ብሎ፣ በተለይ ወጣ ገባ ሲረግጡ አዲስ ሕመም ከተሰማዎ «ብረቱ ነው» ብለው አይለፉት፤ ራጅ ይነሡ፣ የቀድሞውንም ፊልም ይዘው ይሂዱ።